ከካርቶኑ ጠርዝ ሁለት ጣት

አክስትየው ጠመኔውን ከካርቶኑ ጠርዝ ጋር አጣብቃ ማስመር ስትጀምር፣ የወንድሟ ልጅ ምላጭ በሩ ላይ ቆማ «ተሳሳትሽ እኮ!» ልትላት ምንም አልቀራትም ነበር። ቃሉ ጥርሷ ድረስ መጥቶ ቆመ። አፏን ገጠመች። አክስትየው ቀና ብላ አላየቻትም፤ ከአንገት እስከ ብብት፣ ከብብት እስከ ወገብ ካርቶኑን እየተከተለች ጥቁር ሰማያዊው ሱፍ ላይ ነጭ መስመር ሳበች። ከዚያ ካርቶኑን አንስታ ወደሚቀጥለው ቦታ አሸጋገረችው።

ምላጭ ጠበቀች። አሁን ትመለስበታለች፣ አሁን ጣቷን ከመስመሩ አስጠግታ ሌላ መስመር ትጨምርበታለች ስትል ጠበቀች። አክስትየው አልተመለሰችም።

የኮት መቁረጫ ልክ የሆኑትን ካርቶኖች የሠሯቸው የምላጭ አያት ነበሩ። አያቷ ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ኮት ሲቆርጡ የኖሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ካርቶኖቻቸውን የሰው ገላ ልክ አድርገው ነበር የሚያዘጋጇቸው፤ ለስፌት ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ጨርቅ አይጨመርበትም። እሱን ጠረጴዛው ላይ በጣታቸው ይለኩታል። ሁለት ወፋፍራም ጣቶቻቸውን ከካርቶኑ ጠርዝ ውጭ ያጋድሙና ጠመኔውን በጣታቸው ዳር ያሳልፉታል። መቀሱ የሚሄደው በዚያ መስመር ላይ ነው። «ለምን ካርቶኑ ላይ አይጨምሩትም?» ሲባሉ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ሌባ ካርቶኔን ቢወስድ ጣቴን አይወስድም!» ይሉና እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

ይህን የሚያውቁት ከጎናቸው የቆሙ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ የምላጭ አባት፣ አንዷ ራሷ ምላጭ። «ምላጭ» የሚለውን ስም ያወጡላትም እሳቸው ናቸው፤ ገና በሕፃንነቷ የተበላሸ ስፌት በምላጭ ስትተረትር ጨርቁን ጫፉን እንኳ ስለማትነካው ነው። በርጩማ ላይ ያቆሟትና ጠመኔ ያስይዟታል። ጣቶቿ ቀጫጭን ስለሆኑ ለእሷ ሦስት ፈቅደውላት ነበር።

«ምን ትገተሪያለሽ? ወይ ግቢ ወይ ውጪ» አለች አክስትየው።

«የአባዬ መነጽር መሳቢያው ውስጥ ቀርቷል። እሱን ልወስድ ነው።»

«ራሱ አይመጣም? እግሩን ምን ነካው?»

«ሥራ በዝቶበት ነው።»

«ሥራ!» ሳቀች አክስትየው። «ዚፕ መቀየር ሥራ ከተባለ።»

የምላጭ ደም ፈላ። መሳቢያውን ከፍታ በክር ማጠንጠኛዎቹ መሃል መነጽሩን ፈለገች። አያቷ ከሞቱ በኋላ ሱቁ ለሁለት ልጆቻቸው ቀርቶ ነበር፤ ለአባቷና ለአክስቷ። አባቷ ከልጅነቱ ጀምሮ ከሽማግሌው ጎን የሠራ ሰው ነው። አክስቷ ደግሞ ሩቅ አገር ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ ኖራ ለቀብር መጣች፤ ከቀብር በኋላ ግን አልተመለሰችም። «ወይ ድርሻዬን ግዛኝ፣ ወይ ድርሻህን ሽጥልኝ» አለችው ወንድሟን። እሱ የመግዣ አቅም አልነበረውም፤ እሷ ነበራት። ድርሻውን በርካሽ ሸጦላት ወጣ።

ይህ ሁሉ ምላጭን አናድዷታል። ቂም ያስቋጠራት ግን የመቀሱ ነገር ነው። አባቷ ዕቃውን ሰብስቦ በወጣ ቀን የአያቷን ትልቅ መቀስ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ነበር። አክስትየው ተከትላው ወጣች። መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ስትደርስ ቦርሳውን ከትከሻው መንጭቃ መሬት ላይ ዘረገፈችው። «ሌባ! የሟች ዕቃ የሚሰርቅ ሌባ!» ስትል ያልሰማት ጆሮ አልነበረም። መድኃኒት ሻጩ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ወጥቶ አየ፤ ደንበኞች አዩ፤ አባቷ ተንበርክኮ ከመንገዱ ላይ ክር ሲለቃቅም ሰው ሁሉ ቆሞ አየው። ምላጭ ካውያውን ታቅፋ ነበር። «አስለቅሳታለሁ» አለች ያኔ በልቧ። «አንድ ቀን እኔው ራሴ አስለቅሳታለሁ።»

መነጽሩን አገኘችው። መውጣት ትችል ነበር፤ ግን ዓይኗ ከጨርቁ አልነቀል አለ። ጣቃው ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቷል።

«የማን ነው?»

«የትልቁ ሆቴል» አለች አክስትየው፣ ኩራቷን መደበቅ አቅቷት። «ከበረኛው እስከ አስተናጋጁ የሚለብሱት ኮት ነው። ጨርቁን ራሳቸው አስመጥተው ነው የሰጡኝ፤ ሌላ ቦታ አይገኝም። ሱቁን ዋስትና አስይዤ ነው የተቀበልኩት። ነገ ጠዋት መቁረጥ እጀምራለሁ።»

«በአባባ ካርቶን?»

«ታዲያ በማን ልቁረጥ?» ጠመኔውን ጆሮዋ ላይ ሰካችው። «ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜዬን እጅጌ ስገጥም ጨረስኩ። ካርቶን የሚይዙት ሌሎች ነበሩ። እዚህም እንደዚያው ነበር። አንቺን አባቴ በርጩማ ላይ አቁሞ ያሳይሽ ነበር አሉ። እኔ በአንቺ ዕድሜ ከመጋረጃ ጀርባ ቁልፍ ስተክል ነው ያደግኩት። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ስል "ሂጂ፣ የሴት እጅ ጨርቅ ያባክናል" ይለኝ ነበር። አባትሽ እዚያ ቆሞ ይስቃል።»

በአገጯ ወደ መሬት ጠቆመች። ያ አሮጌ መጋረጃ ወለል መወልወያ ሆኖ ከባልዲው አጠገብ ተጥሏል። ሱቁን እንደተረከበች መጀመሪያ ያወረደችው እሱን ነበር።

«ምነው ታፈጪያለሽ? የምትዪው ነገር አለሽ?»

«የለኝም» አለች ምላጭ። መነጽሩን ኪሷ ከትታ ወጣች።

ጓደኛዋ ሬዲዮ ከመንገዱ ማዶ ስትጠብቃት ነበር። ሬዲዮ የተባለችው ለምን እንደሆነ ክፍል ውስጥ ያስተማራት መምህር ሁሉ ያውቃል። ምላጭ የጣቱን ነገር ስታስረዳት ግን ለአንድ ደቂቃ ያህል ፀጥ ብላ አዳመጠች።

«ቆይ ቆይ፣ ስንት ነው የሚጠበው?»

«በየስፌቱ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት። ጎን አለ፣ ጀርባ አለ፣ ትከሻ አለ፣ እጅጌ አለ። ደምሪው።»

«ኧረ ጉድ ፈላ!» ሬዲዮ አጨበጨበች። «የሆቴሉን በረኛ ሆድ አይተሽዋል አይደል? ኮቱ እኮ የሕፃን ሹራብ ነው የሚሆንበት! ጀለሴ፣ ይመችሽ። የእጇን ልታገኝ ነው።»

«ሱቁንም ትነጠቃለች።»

«ትነጠቃ! አንቺ ምን አደረግሽ? ዝም ነው ያልሽው። ዝም ማለት ወንጀል ከሆነ እዚህ ሰፈር ንጹሕ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።»

ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ። ምላጭ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ አንጀቷ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። አክስቷ የተሰፋውን ኮት ይዛ ሆቴሉ በር ላይ ስትቆም፣ ሰውዬው ክንዱ አልገባ ብሎት ሲታገል፣ እሷም ሰው ሁሉ እያያት ጨርቁን ከመሬት ስትለቅም ደጋግማ አሰበችው። በየጊዜው ይበልጥ እየጣማት ሄደ።

አባቷ መስኮቱ ስር አሮጌዋን የስፌት መኪና ይዞ የሰው ሱሪ እየቀመቀመ ነበር። እናቷ ሆስፒታል ተረኛ ናት፤ ቤቱ ፀጥ ብሏል። መነጽሩን ተቀብሎ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለና አደረገው።

«አለች?»

«አለች።»

«ምን እየሠራች ነው?» የጠየቀው ግድ እንደሌለው ሰው ነው። ድሮ «እታለም» ነበር የሚላት፤ ከመቀሱ ቀን ጀምሮ በምንም አይጠራትም።

«የሆቴሉን ኮት ልትቆርጥ እያሰመረች ነው። በአባባ ካርቶን።»

የመኪናው ድምፅ ቆመ። አባቷ በመነጽሩ አናት ላይ አሻግሮ አያት።

«ጣቷን አስቀምጣለች?»

«አላስቀመጠችም። ከጠርዙ ጋር አጣብቃ ነው ያሰመረችው። ሙሉውን ጣቃ።»

ምላጭ የአባቷን ፊት ጠበቀች። ደግ ሰው ነው፤ ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። አሁን ይነሳል፣ ኮቱን ደርቦ «እህቴ ናት እንግዲህ» ይላል፣ እኔም እጣላዋለሁ ብላ ተዘጋጅታ ነበር። አባቷ አልተነሳም። ከንፈሩ ቀስ ብሎ ተለጠጠ። ፈገግታ ነበር፤ ግን ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው ዓይነት ፈገግታ ነው።

«ትቁረጠው» አለ።

«ሱቁን ዋስትና አስይዛዋለች እኮ። ከተበላሸ ይወስዱታል።»

«ይውሰዱት። እኔ ካልቆምኩበት ማንም አይቁምበት።» ሱሪውን ወደ መርፌው መለሰው። «አንቺ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትዪ። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ነገ ቤት ነሽ?»

«አይ፤ ሄጄ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።»

«እኔም ብችል» አለ አባቷ። ከዚያ ማፏጨት ጀመረ። ከቀብሩ ወዲህ ሲያፏጭ ሰምታው አታውቅም ነበር።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ የፈለገችው ይህን አልነበር? የቤት ሥራዋን ዘርግታ ተቀመጠች፤ ፊደሎቹን ግን አላየቻቸውም። ፉጨቱ ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። አክስቷን ማስለቀስ ፈልጋለች፣ አሁንም ትፈልጋለች። ሱቁን ግን ማንም እንዲወስደው ፈልጋ አታውቅም። ጠረጴዛውን ማን ይገዛዋል? በርጩማውንስ? አንድ የማታውቀው ሰው በሩ ላይ የስልክ ሽፋን ሲደረድር ታያት። በአክስቷ ተናደደች፤ ከዚያ በአባቷ ተናደደች፤ በመጨረሻ በአያቷም ተናደደች፤ ካርቶኑ ላይ ሁለት ጣት ጨምረው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

በማግሥቱ ሱቁ ስትደርስ የብረቱ በር ገና መከፈቱ ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ምን ረሳ?» አለች አክስትየው።

«ጨርቁን ልይዝልሽ ነው የመጣሁት። ለብቻሽ ከቆረጥሽ ይሸሽብሻል።»

አክስትየው ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «አባትሽ ነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

ሱፍ ለብቻ ይዞ መቁረጥ አስቸጋሪ እንደሆነ አክስትየውም ታውቃለች። በአገጯ የጠረጴዛውን ማዶ አሳየቻት። ምላጭ ሄዳ ቆመች፤ ጨርቁን በሁለት መዳፏ ተጭና ያዘች። አክስትየው የአያቷን መቀስ ከመንጠቆው አወረደችው። ምላጭ መቀሱን ስታይ የመንገዱ አቧራ፣ የተንበረከከው አባቷ፣ የመድኃኒት ሻጩ ነጭ ጋዋን ሁሉም ተመልሰው መጡባት። ጥርሷን ነከሰች። ቁረጪው፣ አለች በልቧ። ቁረጪው።

መቀሱ ሱፉን ሲበላው ድምፁ ይሰማል፤ የተጣጠፈ ጨርቅ ነውና ከባድ ነው። አክስትየው ትንፋሿን ይዛ በነጩ መስመር ላይ ሄደች፤ አንዴም አልወጣችም። እጇ ጎበዝ ነበር። የኮቱ ፊት ከጣቃው ተለይቶ ወጣ። ምላጭ ከጨርቁ ላይ እጇን ሳታነሳ አየችው። አበቃ፤ አንዱ ሄደ።

አክስትየው ቁራጩን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችውና ወደ መስታወቱ ዞረች። እዚያ ቆማ ቀረች። ፊቷ ላይ ያለው ቁጣ ሁሉ የት እንደሄደ እንጃ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛው ጋ እንድትቆም የተፈቀደላት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ትመስል ነበር።

«አየሽ?» አለች በቀስታ። ለምላጭ ይሁን ለሌላ ሰው አልታወቀም። «አየሽ? አላባከንኩም።»

የምላጭ ዓይን ሳታስበው ወደ ወለሉ፣ ወደ መወልወያው ሄደ። ይህች ሴት ሁለት ጣቱን የማታውቀው ሰነፍ ሆና አልነበረም። ያ ጨርቅ ከፊቷ ተሰቅሎ ነበር። ምላጭ በርጩማው ላይ የቆመችው ማንም መጋረጃ ስላልሰቀለባት ነው። ይህ ሐሳብ አልጣማትም፤ ልታባርረው ሞከረች። አክስቷን መጥላት ቀላል ነበር፤ ቀላል ሆኖ ቢቀጥል በወደደች።

አክስትየው ተመለሰች። መቀሱን ከፈተችና ወደ ሁለተኛው መስመር አስጠጋችው። ምላጭ ከጨርቁ ላይ አንድ እጇን አነሳች፤ ሦስት ጣቷን ከነጩ መስመር ውጭ፣ ከመቀሱ አፍ ፊት አጋደመች።

«አብደሻል!» መቀሱ ከጥፍሯ አጠገብ ቆመ። «ጣትሽን ልቆርጠው ነበር እኮ!»

«ካርቶኑ የገላ ልክ ነው» አለች ምላጭ። ድምፅዋ እንዳሰበችው አልጠነከረም። «ለስፌት የሚታጠፈው አልተጨመረበትም። አባባ በጣት ነበር የሚጨምሩት።»

አክስትየው ጣቶቹን አየች፣ ካርቶኑን አየች። ከአንገቷ ላይ ሜትሩን መንጭቃ የቆረጠችውን ፊት ለካች፤ ደግማ ለካችው። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ከዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ትናንት። በሩ ላይ ቆሜ።»

«እና ይሄንን ስቆርጥ...»

«እያየሁ ነበር።» ምላጭ አላፈረችም። ይህን ለመናገር ወራት ጠብቃለች። «መንገድ ላይ የአባዬን ቦርሳ ስትዘረግፊም እያየሁ ነበር።»

አክስትየው ትጮሃለች፣ ትማታለች ብላ ምላጭ ትከሻዋን ሰብስባ ነበር። አክስትየው ግን አልጮኸችም። ዓይኗ ውሃ ሞላ፤ በእጅጌዋ ጠራረገችው። ምላጭ አስለቅሳታለሁ ብላ ነበር፤ ይኸው አለቀሰች። ለብዙ ጊዜ ያሰበችውን ያህል ግን አልጣማትም።

«ይሄን ማን ይለብሰዋል?» አለች አክስትየው ቁራጩን እያየች።

«ቀጭን አስተናጋጅ አይጠፋም።»

አክስትየው ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «አባትሽስ? አባትሽ ያውቃል?»

ፉጨቱ የምላጭ ጆሮ ውስጥ ተመለሰ። «ያውቃል» ብትል እነዚህ ሁለት ሰዎች እስከ ዕለተ ሞታቸው አይነጋገሩም። «አያውቅም» ብትል ደግሞ ውሸቱ የእሷ ይሆናል፤ ለእነሱ ስትል የምትዋሽበት ምንም ምክንያት አልታያትም።

«መቀሱን ይዘሽለት ሂጂና ራስሽ ጠይቂው» አለች።

«እኔ? ወደ እሱ ቤት?»

«በመድኃኒት ቤቱ በኩል። ሰው ሁሉ እያየሽ። ያኔ እንዳየን።»

«ክፉ ነሽ» አለች አክስትየው።

«አዎ» አለች ምላጭ።

አክስትየው ተነሳች፤ የትናንቱን መስመር በመዳፏ ጠራርጋ አጠፋችው። ጠመኔውን አነሳችና ግራ እጇን ከካርቶኑ ጠርዝ ውጭ ዘረጋች። «ሦስት ነው ያሳየሽኝ? እንዲህ?»

ምላጭ እጁን አየችው። ወፍራም እጅ ነው፤ ጥፍሩ ሰፊ፣ አውራ ጣቱ ወደ ኋላ የታጠፈ። ለወራት ስትጠላው ኖራ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብላ አላየችውም። አክስቷ በዚህ እጅ ሦስት ጣት ከጨመረች ኮቱ ሁሉ ይሰፋል፤ ጨርቁም አይበቃም። «አዎ፣ ሦስት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። መቼም ማንም አያውቅባትም።

«ሦስት የእኔ ነው፤ ጣቴ ቀጭን ስለሆነ» አለች ምላጭ። «ለአንቺ ሁለት ነው።»

«ለምን ሁለት?»

«እጅሽ የአባባ ነው።»

አክስትየው እጇን ለጥቂት ጊዜ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው አየችው። ከዚያ አንዱን ጣት አጠፈች፤ ሁለቱን አጋድማ ጠመኔውን በዳራቸው አሳለፈች። መስመሩ ሳይንቀጠቀጥ እስከ ወገብ ወረደ። ምላጭ ጨርቁ እንዳይሸሽ ተጭና ያዘች።

«መቀሱን የምወስድለት ይሄን ሥራ ስጨርስ ነው ወይስ ዛሬ?» አለች አክስትየው ቀና ሳትል።

«ዛሬ» አለች ምላጭ። «መድኃኒት ቤቱ ሳይዘጋ።»